ለዋና አዘጋጁ፦ የቫልፓራይሶው መሐንዲስና የእኛ ቤተ ሙከራዎች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ ስለ ግድቦች፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖችና ለጎረቤት አገሮች ስለሚሸጠው ኃይል የሚወጡትን ጽሑፎች ዘወትር በትኩረት አነባለሁ። ኃይል ስለ ማመንጨትና ስለ ማስተላለፍ ብዙ ይጻፋል። የመነጨውን ኃይል ሞተር በሚያዞርና ባትሪ በሚሞላ መልክ ስለሚለውጠው መሣሪያ፣ ይልቁንም ያንን መሣሪያ በየቅጽበቱ ስለሚያዘው ስሌት ግን የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሙያው ፓወር ኤሌክትሮኒክስ ይባላል፤ እኔም የማስተምረው እርሱን ነው። አንባቢዎቻችሁ ጉዳዩን በአንድ ሰው የሥራ ዘመን በኩል ቢያውቁት ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ። ሰውየው ቺሊያዊው ፕሮፌሰር ሆሴ ሮድሪጌዝ ናቸው። ታሪካቸውን የማነሣው ለአድናቆት ብቻ አይደለም። ዛሬ በመላው ዓለም የሚጠናው የትንበያ ቁጥጥር ዘዴ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ምርጫ ውጤት አስቀድሞ አስልቶ መሣሪያውን የማዘዝ ዘዴ፣ ጎልቶ ከወጣባቸው ስፍራዎች አንዱና ዋነኛው የቺሊ የወደብ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ መምህሩ አገራቸው የምትተዳደርበትን ኢንዱስትሪ ችግር ለረጅም ዘመን ይዘው ስለቆዩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ደግሞ የእኛን የምህንድስና ትምህርት ቤቶች በቀጥታ የሚመለከት ነገር ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሮድሪጌዝ በቫልፓራይሶ ከሚገኘው ከፌዴሪኮ ሳንታ ማሪያ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በ1977 በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው በዚያው ዓመት እዚያው ማስተማር ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲው ስሙን ያገኘው ሀብታቸውን ለትምህርት ቤት ማቋቋሚያ ከተናዘዙ የከተማው ነጋዴ ሲሆን፣ የፓሲፊክ ውቅያኖስን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የተሠራ ነው። ወጣቱ መምህር ለዶክትሬት ወደ ጀርመን ሄደው በ1985 ከኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ኤርላንገን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አምራቹ የሲመንስ ኩባንያ ከተማ ናት፤ በዚያ ዘመን ስለ ሞተር ቁጥጥር ለመማር ከዚያ የተሻለ ስፍራ ብዙ አልነበረም። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ግን ሥራቸውን የቀጠሉት በቫልፓራይሶ ነው። ቺሊ ያን ጊዜ በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ በ1982 የጀመረው ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስም ገና አልለቀቃትም ነበር። ለአንድ ተመራማሪ የሚመች ዘመን አልነበረም።

ቺሊ በዓለም ላይ ከፍተኛውን የመዳብ ምርት የምታወጣ አገር ናት፤ የመዳብ ማዕድን ደግሞ ኤሌክትሪክ አይጠግብም። ድንጋዩን የሚፈጩት ግዙፍ ወፍጮዎች፣ ውኃ የሚስቡት ፓምፖች፣ መዳቡን የሚያጣሩት ከፍተኛ ጅረት የሚወስዱ ገንዳዎች በአብዛኛው ከመስመሩ የሚመጣውን ኃይል እንዳለ አይጠቀሙም፤ የኤሌክትሪክን መልክ በሚለውጠው መሣሪያ፣ በኮንቨርተር በኩል ያልፋል። ስለዚህ በሳንታ ማሪያ የነበሩት መምህራን የምርምር ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ሮድሪጌዝና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የጻፉት ስለ እነዚህ ማሽኖች ነበር፤ ከሥራዎቹ አንዱን ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል።

ሎስ ፔላምብሬስ በሚባለው በአንዲስ ተራሮች ላይ ባለው የመዳብ ማዕድን፣ የተቆፈረው ድንጋይ ከከፍታው ወደ ታች የሚወርደው በረጅም ኮንቬየር ቀበቶ ነው። ቀበቶው ቁልቁል ስለሚሄድ ሞተሮቹ ይይዙታል እንጂ አይጎትቱትም፤ የድንጋዩ ክብደት ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩም ጀነሬተር ይሆናል። አንድ ቶን ድንጋይ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ይህ ጉልበት በፍሬን ቢያዝ ሙቀት ሆኖ ይጠፋ ነበር። በኮንቨርተር ከተያዘ ግን ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ ይመለሳል። ሮድሪጌዝና ባልደረቦቻቸው በ2002 ያሳተሙት ጽሑፍ ስለዚህ ስለ 20 ሜጋዋት ሥርዓት ነው። ከባዱ ነገር ደግሞ ገና አሁን ይመጣል። በመስመሩ ላይ ቮልቴጁ ለአፍታ ቢወርድ ኮንቨርተሩ ኃይሉን የሚያስረክብበት ያጣል፤ ኮንቨርተሩ ሥራውን ካቆመ ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ በቀበቶው ላይ ያለው ድንጋይ ግን መውረዱን አይተውም። እንግዲህ እዚህ ላይ ቁጥጥር ማለት የምርት ቅልጥፍና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ደኅንነት ጉዳይም ነው። እንዲህ ያለ ማሽን አጠገብ የሠራ ሰው፣ አንድ ኮንቨርተር በሺሕኛ ሰከንድ ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው አስቀድሞ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከመጽሐፍ መማር አያሻውም።

ኢንቨርተር የሚባለው፣ ቀጥተኛ ጅረትን ወደ ተለዋዋጭ ጅረት የሚለውጠው የኮንቨርተር ዓይነት በመሠረቱ በጣም ፈጣን የሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎች ስብስብ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ መቆጣጠሪያ በሚፈለገውና በተለካው ጅረት መካከል ያለውን ልዩነት እያየ ያርማል፤ ሌላ ክፍል ደግሞ ያንን እርማት ተቀብሎ ማብሪያዎቹ ለስንት ጊዜ እንደሚበሩ ይወስናል። ይህ አካሄድ የሚመሠረተው ስሕተቱ ከተፈጠረ በኋላ በማረም ላይ ነው። ሮድሪጌዝና ባልደረቦቻቸው ያስፋፉት የትንበያ ቁጥጥር ሁለቱንም ክፍሎች ትቶ፣ ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት ከየትኛው ጉድጓድ ቢነሣ የት እንደሚያልቅ እንደሚቆጥር፣ ያሉትን አማራጮች ሁሉ አስቀድሞ ይቆጥራል። ማብሪያው ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ ሦስተኛ ነገር የለም፤ ስለዚህ አማራጮቹ ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ሁሉንም መሞከር ይቻላል።

ነገሩን በቁጥር ላሳይ። ከ200 ቮልት ምንጭ የሚሠራ ቀላል ኢንቨርተር ለጭነቱ ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ ብቻ መስጠት ይችላል እንበል፦ 200፣ ዜሮ፣ ወይም በተቃራኒው አቅጣጫ 200። ጭነቱ 10 ኦም ሬዚስታንስና 10 ሚሊሄንሪ ኢንዳክታንስ (የጅረትን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) ያለው ጥቅል ሽቦ ነው፤ መቆጣጠሪያው በሰከንድ 10,000 ጊዜ ጅረቱን ይለካል። አሁን የሚያልፈው 4 አምፔር፣ የሚፈለገው ደግሞ 5 አምፔር ነው። ከሰርኪዩቱ ቀመር እንደሚገኘው፣ በሚቀጥለው ልኬት የሚኖረው ጅረት የአሁኑ ጅረት በ0.9 ተባዝቶ፣ የሚሰጠው ቮልቴጅ አንድ መቶኛ ሲደመርበት ነው። ስለዚህ 200 ቮልት ቢሰጥ 5.6፣ ዜሮ ቢሰጥ 3.6፣ በተቃራኒው 200 ቢሰጥ 1.6 አምፔር ይሆናል። ለ5 የሚቀርበው 5.6 ስለሆነ መቆጣጠሪያው 200ን ይመርጣል። በሚቀጥለው ዙር ከ5.6 ተነሥቶ እንደገና ሲያሰላ ሦስቱ ምርጫዎች 7.04፣ 5.04 እና 3.04 ይሆናሉ፤ አሁን የሚመረጠው ዜሮው ነው። ሥራው እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በወረቀት ላይ ሊሠራው የሚችል ስሌት ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የምሰጣቸው በወረቀት ነው፤ ምክንያቱም ከኮምፒውተሩ በፊት እጃቸው ነገሩን መያዝ አለበት።

በተለመደው የሦስት ፌዝ ኢንቨርተር ውስጥ ሦስት ጥንድ ማብሪያዎች አሉ፤ እነርሱም 8 ዓይነት አቀማመጥ ይሰጣሉ፤ ከ8ቱ ሁለቱ ተመሳሳይ ዜሮ ስለሚሰጡ የሚለያዩት ቮልቴጆች 7 ናቸው። በሎስ ፔላምብሬስ እንዳሉት ባለ ሦስት ደረጃ ኮንቨርተሮች፣ ማለትም በእያንዳንዱ ፌዝ ሦስት ዓይነት ቮልቴጅ መስጠት በሚችሉት ሲሆን አቀማመጦቹ 27 ይደርሳሉ። ለእያንዳንዱ አቀማመጥ ቅጣት፣ ማለትም ውጤቱ ከሚፈለገው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር፣ ይሰላል፤ ቅጣቱ ያነሰው ይመረጣል። የዘዴው ትልቁ ውበት በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ነው፤ በቅጣቱ ቀመር ውስጥ የጅረቱን ስሕተት ብቻ ሳይሆን መሐንዲሱን የሚያሳስበውን ማንኛውንም ነገር ማስገባት ይቻላል። ማብሪያዎቹ በበሩና በጠፉ ቁጥር ይሞቃሉ፤ እንግዲያው ብዙ የሚያበራና የሚያጠፋ ምርጫ ይቀጣ። በኮንቨርተሩ ውስጥ ኃይል የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ቮልቴጅ እኩል ሆኖ መቆየት አለበት፤ እንግዲያው የሚያዛባው ይቀጣ። ጅረቱ ከተወሰነ መጠን ማለፍ የለበትም፤ እንግዲያው የሚያሳልፈው ከነጭራሹ ይሰረዝ። በድሮው አሠራር እያንዳንዱ ፍላጎት የራሱን መቆጣጠሪያ ይጠይቅ ነበር።

ሐሳቡ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ ይህን መሸሸግ ደግሞ ለሰውየውም ክብር አይሆንም። በሞዴል ላይ የተመሠረተ የትንበያ ቁጥጥር በ1970ዎቹ መጨረሻ በነዳጅ ማጣሪያዎችና በኬሚካል ፋብሪካዎች ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ እዚያ ግን ሙቀትና ግፊት የሚለዋወጡት በደቂቃዎች ስለሆነ ኮምፒውተሩ ለማሰብ ጊዜ ነበረው። ጀርመናዊው ዮአኪም ሆልትስ በ1983 ለኢንቨርተር ጅረት የትንበያ መቆጣጠሪያ አቅርበዋል። በስዊዘርላንድም በዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም በ2005 ዶክትሬታቸውን ያገኙት ቶቢያስ ጋየር፣ በኋላ ኤቢቢ በተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሆነው ዘዴውን ለከፍተኛ ኃይል ሞተሮች አዳብረዋል። የቫልፓራይሶው ቡድን ያደረገው ነገር፣ ፈጣን የዲጂታል ፕሮሰሰሮች ዋጋቸው ረክሶ በየቤተ ሙከራው ሲገቡ፣ ዘዴውን እጅግ ቀላል በሆነው መልኩ ማቅረብና በዓይነት በዓይነቱ ኮንቨርተር ላይ በተግባር መፈተሽ ነበር። ሮድሪጌዝ ከሌሎች ስድስት ጸሐፊዎች ጋር በ2007 ያሳተሙት የጅረት ቁጥጥር ጽሑፍ በመስኩ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ሆነ፤ በ2012 ደግሞ ከቀድሞ ተማሪያቸው ከፓትሪሲዮ ኮርቴስ ጋር የጻፉት መጽሐፍ ወጣ።

ከ1977 እስከ 2007 ሠላሳ ዓመት ነው። አንድ ሰው ማስተማር ከጀመረ በኋላ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እስኪያወጣ ሠላሳ ዓመት ከፈጀ፣ የሥራውን ዋጋ በየሁለት ዓመቱ የጽሑፍ ቁጥር እየቆጠርን ብንመዝነው ምን እንል ነበር? በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተሠራው የማዕድን ኮንቨርተር፣ የተመረቀው ተማሪ፣ የተገነባው ቤተ ሙከራ ሁሉ ለ2007ቱ ጽሑፍ መሠረት ነበር። የመጣላቸው ክብር ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከ2005 እስከ 2014 የዚያው የሳንታ ማሪያ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር (ፕሬዚዳንት) ሆነው አገልግለዋል፤ በ2014 የቺሊን ብሔራዊ የተግባራዊና የቴክኖሎጂ ሳይንስ ሽልማት ተቀብለዋል፤ ቀጥሎም በሳንቲያጎ የአንድሬስ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆነዋል። ሬክተርነቱ ከምርምር እንዳላራቃቸው ልብ ይሏል።

ዘዴው እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ማብሪያዎቹ በየዙሩ የሚወስዱት ውሳኔ ስለሚለያይ የመብራትና የመጥፋት ድግግሞሻቸው ቋሚ አይሆንም፤ ይህም የኤሌክትሪክ ማጣሪያ (ፊልተር) ለሚነድፈው መሐንዲስ ራስ ምታት ነው። ስሌቱ በሞዴሉ ትክክለኛነት ላይ ስለሚመረኮዝ፣ ከላይ ባሳየሁት ምሳሌ 10 ሚሊሄንሪ ያልነው ሽቦ በእውነቱ 5 ቢሆን ትንበያው ይስታል። በቅጣቱ ቀመር ውስጥ ለእያንዳንዱ ፍላጎት ምን ያህል ክብደት ይሰጠው የሚለው ጥያቄም እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ በሙከራ የሚመለስ ነው። ደግሞም ስሌቱ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ውጤቱ ሲደርስ ጅረቱ ቀድሞ ሄዷል፤ ስለዚህ አንድ እርምጃ ሳይሆን ሁለት እርምጃ ወደፊት መተንበይ ግድ ነው፤ ይህን የረሳ ተማሪ የጅረትን ቅርጽ በስክሪን በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፑ ላይ የሚያየው ጅረት ጥርስ አውጥቶ ይጠብቀዋል። በዚህ ሁሉ ምክንያት በብዙ ፋብሪካዎች የድሮው መቆጣጠሪያ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በየዓመቱ ከሚወጡት በርካታ ጽሑፎች ብዙዎቹ ጥቃቅን ማሻሻያዎች እንደሆኑም ይሰማኛል፤ የሮድሪጌዝ ቀደምት ሥራዎች ከእነርሱ የሚለዩት ከኋላቸው ቁልቁል የሚወርድ ድንጋይና የሚቆም ፋብሪካ ስለነበረ ነው።

ይህን ለምን ለአማርኛ ጋዜጣ እጽፋለሁ? ኮንቨርተር በአገራችን እንግዳ ነገር ስላልሆነ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ፣ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎቮልት መስመር የሚሠራው በቀጥተኛ ጅረት ነው፤ 2,000 ሜጋዋት የማስተላለፍ አቅም ያለው ይህ መስመር በሁለቱም ጫፍ የኮንቨርተር ጣቢያ አለው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር ሞተሮቻቸውን የሚያዞሩት በኮንቨርተር ነው። በአሸጎዳና በአዳማ የነፋስ ኃይል አለን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ጀምሮ ደግሞ በየመንደራችን የሚቆሙት የኤሌክትሪክ መኪኖች እያንዳንዳቸው አንድ ኢንቨርተር ይዘው ይዞራሉ። ለቺሊ መዳቡ እንደሆነው ሁሉ ለእኛም የምርምር ጥያቄው ደጃችን ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ተማሪዎቻችን ግን እነዚህን ማሽኖች የሚያውቋቸው ከውጭ ነው። የመመረቂያ ሥራቸውን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ጀምረው በሲሙሌሽን ይጨርሳሉ፤ በስክሪን ላይ ሞተሩ ሁልጊዜ ይታዘዛል፣ ሽቦው ሁልጊዜ 10 ሚሊሄንሪ ነው፣ ቦርድ አይቃጠልም። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፤ ያዩት የለማ! ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ የተቃጠሉ ኢንቨርተሮች አቧራ ለብሰው ተደርድረው አየሁ። ፈትተን እንድናስተምርባቸው እንዲሰጡን በደብዳቤ ብንጠይቅ፣ ንብረቱ በደንቡ መሠረት ገና ስላልተወገደ ለማንም ሊሰጥ አይችልም የሚል መልስ ተሰጠን። የንብረት ሰሌዳ የተለጠፈበት የተቃጠለ ቦርድ ለመሥሪያ ቤቱ ምንም አይፈይድም፤ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን የትኛው ትራንዚስተር ለምን እንደተቃጠለ ፈልጎ ማግኘት የአንድ ሙሉ ሴሚስተር ትምህርት ነው። በነገራችን ላይ ያንን መልስ የጻፉልን ሰዎች ቅን ሰዎች ነበሩ፤ ደንቡ እንዳይፈቅዱ አስሯቸው ነው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ለሚመለከታቸው ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። ኮንቨርተር ያላቸው የመንግሥት ድርጅቶች አገልግሎት ያበቃላቸውን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ለምህንድስና ትምህርት ቤቶች የሚያስተላልፉበት አጭር የንብረት አወጋገድ መንገድ ይበጅ። በኮንቨርተር ጣቢያዎችና በባቡር ዴፖዎች የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሆነው፣ የደኅንነት ሥልጠና ወስደው፣ ቢያንስ የአንድ ሴሚስተር ሥራ የሚሠሩበት ዕድል ይከፈት፤ ልኬቶቹንም ይውሰዱ፣ የብልሽት መዝገቡንም ያንብቡ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም አንድ መምህር ለአምስት ወይም ለስድስት ዓመት ከአንድ ድርጅት ማሽን ጋር ሲሠራ፣ በየዓመቱ ጽሑፍ ባያወጣም፣ የሚቆጠርለት የማዕረግ ነጥብ ይኑረው። ይህን የምለው የምርምር ጽሑፍ አያስፈልግም ብዬ አይደለም፤ የ2007ቱ ዓይነት ጽሑፍ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ሥራ በኋላ መሆኑን ስላየሁ ነው።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና ኢንቨርተር ከፍተው፣ የተቃጠለውን ክፍል ለይተው፣ ከሌላ ቦርድ በተወሰደ ዕቃ መልሰው የሚያሠሩ ወጣት ባለሙያዎች በየጋራዡ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ዘጋቢ ልካችሁ ብታነጋግሯቸው፣ የትኛው ክፍል አዘውትሮ እንደሚበላሽ፣ በዝናብ ጊዜ ይሁን በሙቀት፣ ቻርጅ ሲደረግ ይሁን ዳገት ሲወጣ ብትጠይቋቸውና የሚነግሯችሁን እንዳለ ብታትሙት፣ እኛ መምህራኑ ከዚያ ዘገባ ላይ ለተማሪዎቻችን የመመረቂያ ርእስ እናወጣለን።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፤

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር፣
ከአዲስ አበባ